ለአንጋጫ 360 ካሬ ሜትር ይበቃታል

እስቲ በሒሳብ እንጀምር። ደረጃውን የጠበቀ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105፣ ስፋቱ 68 ሜትር ነው። ሲባዛ 7,140 ካሬ ሜትር ይመጣል። የመረብ ኳስ፣ እኛ በተለምዶ ቮሊቦል የምንለው፣ ሜዳው 18 በ9 ነው፤ በየአቅጣጫው 3 ሜትር መንቀሳቀሻ ሲጨመርበት 24 በ15 ይሆናል። 360 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ወረቀት ላይ እየሳልኩ ሞከርኩት፤ በአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ውስጥ 18 የቮሊቦል ሜዳ ይገባል። በእግር ኳሱ በአንድ ጊዜ የሚጫወተው 22 ሰው ነው፤ በ18ቱ ላይ 216።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ቁጥር አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። አንጋጫ ላይ ቆሞ ሲያየው ደግሞ ይብስበታል።

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ የተጓዘ ሰው አንጋጫን ያውቃታል። ደጋ ናት፤ ጭጋጉ፣ ዳገቱ፣ እንሰቱ፣ ከበላይ የሀምበሪቾ ተራራ። ከምባታ በሀገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። ግማሽ ሄክታር ይዞ ልጆች የሚያሳድግ ቤተሰብ እዚህ ብርቅ አይደለም። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። እንግዲህ «ለወጣቱ የኳስ ሜዳ ይሰጠን» ስንል ከአንድ ቤተሰብ ሙሉ ማሳ የሚበልጥ መሬት፣ ያውም ለጥ ያለውን፣ ስጡን እያልን ነው። ለጥ ያለ መሬት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው። ገበሬው ይፈልገዋል፣ ቤት ሠሪው ይፈልገዋል፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መናኸሪያው ይፈልገዋል። በዚህ ግብግብ መሃል የልጆች መጫወቻ ሁሌም ተሸናፊ ነው። ከተማ ሰፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታጠረው እሱ ነው። ተማሪ በዛ ሲባል ተጨማሪ ክፍል የሚገነባው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው።

ወጣቱ የት ሄደ ታዲያ? ስልኩ ላይ። እኔም እናንተም እዚያው ነን፣ ማንም ማንንም አይወቅስም። ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ተከላካይ ጉዳት የሚተነትን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቲንግ ቤት ቲኬት የሚቆርጥ፣ እሱ ራሱ ግን ኳስ ከነካ ዓመት ያለፈው ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ስፖርት ተመልካቾች ሆነናል። ከዚያም አልፎ ከፋዮች።

እዚህ ላይ ስለ ሀምበሪቾ ዱራሜ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ የኛው ክለብ ስለሆነ። ተራራችንን በስሙ ይዞ በ2016 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ከተማው ሁሉ ተደስቷል፤ ደስታውም ይገባል። በዚያው ዓመት መልሶ ወረደ። ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ስለሚካሄድ ደጋፊው ቡድኑን በገዛ ሜዳው ላይ አላየውም፤ አቅም ያለው ተጉዞ፣ የሌለው በቴሌቪዥን። ይህ የክለቡ ጥፋት አይደለም፣ የሊጉ አሠራር ነው። ወጪውን ግን አስቡት። በ2011 ዓ.ም. ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አብጅተው ነበር። ጣሪያ ያስፈለገው ከዚያ በላይ ይከፈል ስለነበር ነው። በጣሪያው እንኳ ብናሰላው አንድ ተጫዋች በዓመት 600 ሺህ ብር ነው። በሀገራችን ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማና በዞን አስተዳደር በጀት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ክለብ አይኑር አላልኩም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለ11 ሰው ይህን ያህል ከተገኘ፣ ለቀሩት ልጆች ሁለት ምሰሶና አንድ መረብ እንዴት ይጠፋል?

ቮሊቦልን የመረጥኩት ከእግር ኳስ ስለሚበልጥ አይደለም። ሲፈጠር ጀምሮ ቦታ ላጠረው ሰው የታሰበ ጨዋታ ስለሆነ ነው። ታሪኩን ብታዩት ይገርማችኋል።

ዘመኑ 1895 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ አቆጣጠር 1887፣ ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆልዮክ የምትባል የወረቀት ፋብሪካ ከተማ አለች። ዊሊያም ሞርጋን እዚያ በወጣት ወንዶች ክርስቲያን ማህበር ውስጥ የስፖርት ኃላፊ ነበር። ይህ ማህበር አዲስ አበባ ላይ አባቶቻችን «ወወክማ» እያሉ የሚያነሱት ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ጎረቤት ከተማ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የማህበሩ ሰው ጄምስ ኔይስሚዝ ቅርጫት ኳስን ፈጥሯል። ችግሩ ቅርጫት ኳስ ያደክማል፣ ያጋጫል። ሞርጋን ጋ የሚመጡት ደግሞ ቀኑን ሥራ ላይ ውለው የሚመጡ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ምን አደረገ? የቴኒስ መረብ ወሰደና ከፍ አድርጎ ከሰው ቁመት በላይ ሰቀለው፤ 1 ሜትር ከ98 አካባቢ። በየወገኑ ስንት ሰው ይሁን የሚል ገደብ አልነበረም። ኳሱ መሬት እንዳይነካ በእጅ እየመቱ ወዲያ ማዶ መላክ ነው፣ በቃ።

ኳሱ ግን አስቸገረው። የቅርጫት ኳሱ ከበደ፣ የውስጡ ፊኛ ብቻውን ቀለለ። በመጨረሻ ስፖልዲንግ የተባለው ኩባንያ ለጨዋታው የሚሆን ኳስ ሠራለት። ይህ ነገር ዛሬም ቁምነገር አለው፤ የቮሊቦል ኳስ ከ260 እስከ 280 ግራም ነው፣ የእግር ኳስ ደግሞ ከ410 እስከ 450። ኳስ ጠፍቶ በእግር ኳስ ቮሊቦል የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ክንዱ ይነግረዋል። ብዙ ልጅ ጨዋታውን በመጀመሪያው ቀን የሚጠላውም በዚህ ይመስለኛል።

ስሙም ያኔ ቮሊቦል አልነበረም፤ «ሚንቶኔት» ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. ስፕሪንግፊልድ ላይ ለእይታ ሲቀርብ አልፍሬድ ሃልስቴድ የተባለ ሰው ኳሱ መሬት ሳይነካ አየር ላይ እንዳለ ሲመላለስ አየና አሁን የምንጠራበትን ስም አወጣለት።

ከዚያ ጨዋታው ተጓዘ። የተጓዘበት መንገድ ነው እኔን የሚስበኝ፤ በስታዲየም አልተጓዘም። የማህበሩ ሰዎች በየሄዱበት ሀገር ይዘውት ሄዱ። ፊሊፒንስ ሲደርስ የዚያ ሀገር ተጫዋቾች በ1916 እ.ኤ.አ. አካባቢ አንዱ ኳሱን ወደ ላይ አቀባብሎ ሌላው ዘልሎ ቁልቁል የሚያወርድበትን መንገድ አመጡ። ዛሬ «ስማሽ» ብለን የምንጮህለት የእነሱ ፈጠራ ነው። አሜሪካኖቹ ያልታያቸውን እስያውያኑ አዩት። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ደግሞ በ1919 እ.ኤ.አ. 16 ሺህ ኳስ ለአሜሪካና ለአጋሮቿ ወታደሮች ታደለ፤ ወታደሩ በሰፈረበት ሁሉ መረብ ተወጠረ። ሕጉም እግረ መንገዱን እየጠራ መጣ። በየወገኑ 6 ተጫዋች የሆነው በ1918፣ ኳስ ከ3 ጊዜ በላይ ሳይነካ ይለፍ የተባለው በ1920 ነው። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1947 ፓሪስ ላይ በ14 ሀገሮች ተመሠረተ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጨዋታው ኦሊምፒክ ገባ።

ቶኪዮ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሴቶቹን ወርቅ የወሰደችው ጃፓን ናት፤ ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 አሸንፋ። የቡድኑ አብዛኞቹ ልጆች ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ኦሳካ አጠገብ ካለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ቀን ሥራቸውን ሠርተው፣ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሰለጥኑ የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። አሠልጣኛቸው ዳይማትሱ በጭካኔው የታወቀ ነው፤ እኔ የሱን ዘዴ ለማንም አልመክርም። ግን ነገሩ ገብቷችኋል። ስፖርቱን የተሸከመው ስታዲየም ወይም የተጫዋች ዝውውር ገንዘብ አልነበረም፤ ሴቶች የተሰበሰቡበት የሥራ ቦታ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ከኛ አካባቢ ወጥተው ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገቡትን እህቶቻችንን ነው ያስታወስኩት። ከሺፍት በኋላ የሚያሳልፉበት ምን አላቸው?

ወደ ሀገራችን ስንመጣም ታሪኩ ይመሳሰላል። በኢትዮጵያ መረብ ኳስ ሲነሳ የሚጠሩት ስሞች እነማን ናቸው? ሙገር ሲሚንቶ። ብሔራዊ አልኮል። መከላከያ፣ የዛሬው መቻል። ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች። ሁሉም ወይ ፋብሪካ ናቸው ወይ መሥሪያ ቤት። ከደቡቡ ወላይታ ድቻ ከእግር ኳሱ ጎን የመረብ ኳስ ቡድን ይዞ ስሙን አስጠርቷል፤ ለጎረቤት ቅናት ካለኝ እዚህ ላይ ነው። በጎረቤት ኬንያም ያው ነው፤ ፓይፕላይን፣ ፕሪዝንስ፣ ኮሜርሻል ባንክ፤ የነዳጅ ቱቦ፣ እስር ቤትና ባንክ። ኬንያውያቱ ግን ከዚህ ተነስተው በ2023 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ዋንጫ ለ10ኛ ጊዜ ወሰዱ፤ በ2000፣ በ2004፣ በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፉ። ያን ያህል ርቀት የለም እኮ በኛና በነሱ መሃል። በሩጫ እንፎካከራቸዋለን፤ በመረብ ኳስ ግን ስማችን የለም።

የዚህ ሞዴል ጉድለት ግን ግልጽ ነው። ፋብሪካ በሌለበት ቮሊቦል የለም ማለት ይሆናል። አንጋጫ ሲሚንቶ ፋብሪካ የላትም፤ የነዳጅ ቱቦም አያልፍባትም። ታዲያ እኛ ምን ተቋም አለን? ትምህርት ቤት አለን። በየቀበሌው አለ፤ ልጆቹም በገዛ እግራቸው በየቀኑ ይመጡበታል። ሞርጋን ከዚህ የተሻለ አልነበረውም። የሱ ቤት ጣሪያ ስለነበረው ብቻ ነው የሚበልጠን።

አሁን በትምህርት ቤቶቻችን ያለውን የምታውቁት ነው። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ አስተማሪው አንድ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ ወንዶቹ ይወስዱትና 15ቱ ይራገጣሉ፣ የቀረው ክፍል ዳር ቆሞ ወሬ ያወራል። ሴቶቹ የሉበትም ማለት ይቻላል። በቮሊቦል እንዲህ ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ አያስችልም። ሰርቪስ በተመለሰ ቁጥር ሁሉም አንድ ቦታ ይሸጋገራል፤ ኋላ የነበረው ፊት ይመጣል፣ ፊት የነበረው ሄዶ ሰርቪስ ይመታል። ጎበዙ ልጅ አንድ ቦታ ተተክሎ ኳሱን ብቻውን ይዞ ሊውል አይችልም፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መንካት አይፈቀድለትም። «አጭር ነኝ» የሚል ካለም ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊቤሮ የሚባል፣ የተለየ ቀለም ማሊያ ለብሶ ኋላ መስመር ላይ ብቻ የሚከላከል ተጫዋች ተፈቅዷል። አጭርና ፈጣን ሰው የሚፈለግበት ቦታ ነው።

የሴቶቹን ጉዳይ ለብቻው ላንሳው፤ ዋናው ነገር ስለሆነ። የእግር ኳስ ሜዳ ትልቅ ስለሆነ ከከተማ ወጣ ይላል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት በኋላ ውሃ መቅዳት አለባት፣ እንሰቱ አለ፣ ታናናሾቿ አሉ። ጊዜ አላት ከተባለ 40 ደቂቃ ናት፤ ያንን ደግሞ ሜዳ ድረስ ሄዶ መመለሱ ይበላዋል። ሲመሽ ከከተማ ወጣ ማለቱም ለቤተሰብ አይዋጥም። 360 ካሬ ሜትር ግን ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ ጎን ይገባል፤ የትምህርት ቤት ጥግ ይገባል፤ እናት ከደጃፏ ቆማ የምታየው ቦታ ላይ ይገባል። ተጋጣሚሽ ከመረቡ ወዲያ ማዶ ነው፣ የሚጎትትሽ የለም፣ የሚጠልፍሽ የለም። ሜዳው ቅርብ ሲሆን ወጪው ይቀንሳል፤ እዚህ ጋ ወጪ ማለት ብር ሳይሆን ደቂቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን ይህን «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» እያልን በቃላችን ይዘን ፈተና አልፈንበታል።

«ሕዝቡ የሚወደው እግር ኳስ ነው፣ ቮሊቦል ማን ያያል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ እኔም አርሰናል ሲጫወት ከቲቪው አልነሳም። ግን እኔ የምጠይቀው የሚታይ ነገር አይደለም፤ የሚሠራ ነገር ነው። የሚታየውን ስልካችን ሞልቶ ተርፎታል። ደግሞ ለማየትም ቢሆን ቮሊቦል የሚሰለች ጨዋታ አይደለም። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የመታው ወገን ብቻ ስለነበር ጨዋታው ማለቂያ አልነበረውም። ቴሌቪዥኖቹ አማረሩ። ከ25 ዓመት በፊት ሕጉ ተቀየረና አሁን ኳስ በወደቀ ቁጥር ነጥብ አለ፣ 25 የደረሰ ዙሩን ይወስዳል።

«ቮሊቦል እንጀራ ይሆናል ወይ?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው አይሆንም። እግር ኳስም ለአብዛኛው አይሆንም። ከኛ ሀገር ወጣት ደቡብ አፍሪካ የሄደው ስታዲየም ስላጣ አይደለም፤ በቮሊቦል ይቀራል ብዬም አልዋሻችሁም። የመሬቱና የሥራው ጥያቄ በኳስ አይፈታም። ግን ሥራ የሌለው ወጣት ከ10 እስከ 12 ሰዓት የት ይዋል የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ አሁን ያለው መልስ ቤቲንግ ቤት፣ ጫት ቤት ወይም የአልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቲክቶክ ማገላበጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የዝናቡ ነው። አንጋጫ ዝናቧ ብዙ ነው፣ ጭቃዋም። ውጭ የተሠራ ሜዳ ክረምት ላይ ይጨቀያል፤ ነፋስ ያለ ቀን ቀላሏ ኳስ መንገድ ትስታለች። እውነት ነው። ሆኖም 7,000 ካሬ ሜትር ጭቃ ማድረቅና 360 ካሬ ሜትር ማድረቅ አንድ አይደለም። ትንሹን ዙሪያውን ቦይ ቆፍሮ፣ ጠጠርና አሸዋ ደልድሎ አንድ የቅዳሜ የጉልበት ሥራ ሊያስተካክለው ይችላል። ትልቁ ግሬደር ይጠይቃል። ግሬደር ደግሞ ለመንገዱም አልተገኘ።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የከተማ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች በየመንደሩ ለወጣት መዝናኛ ብለው ትልቅ ሜዳ ካርታው ላይ አስቀምጠው ኋላ ከሚሸነሽኑት፣ 24 በ15 የሆነ ቦታ በየሰፈሩ ይተዉ። ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጓጓበትም፣ ለመከራከርም ይቀላል። ትምህርት ቤቶችም አዲስ ክፍል ሲገነቡ ያችን ታህል ይቆጥቡ። ወረዳውና ዞኑ ለስፖርት ብለው ከሚይዙት በጀት የአንድ ተጫዋች የአንድ ዓመት ደመወዝ የሚያህል ለመረብና ለኳስ ይመድቡ። 600 ሺህ ብር ስንት መረብና ስንት ኳስ እንደሚገዛ እኔ አልነግራችሁም፤ ሆሳዕና ገበያ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ ዋጋ ጠይቁና አካፍሉት። ውጤቱን ለወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

መንግሥት እስኪሰማ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። መስቀል ሲደርስ ከአዲስ አበባም፣ ከሀዋሳም፣ ከባሕር ማዶም የሚመጣው ወገናችን በየዓመቱ ለሰፈሩ ቡድን ማሊያ ይገዛል። ዘንድሮ ከማሊያው ጋር ሁለት ትክክለኛ የቮሊቦል ኳስ ይዞ ይምጣ፤ የእግር ኳስ ሳይሆን የቮሊቦል። ምሰሶው ባህር ዛፍ ነው፣ እሱ አልጠፋንም። መረቡ ባይደርስ የቃጫ ገመድ ወጥሮ መጀመር ይቻላል። ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ነው ከፍታው፤ ምሰሶው ላይ ሁለት ምስማር ከተመታ አንዱ ሜዳ ለሁለቱም ይሆናል። ጉድጓዱ ዝናቡ ቀለል ሲል ጳጉሜን ላይ ቢቆፈር ለመስቀል ይደርሳል።